ጳጉሜን የማያውቀው ኮምፒውተር

በዚህ ጽሑፍ የምንተቸው መጽሐፍ ወይም ድራማ አይደለም። በየቢሮው የስም ዝርዝር የሚሠራበትን የኤክሴል ፕሮግራምና ቀን የሚቆጥርበትን መንገድ ነው። ነገሩ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን አንድ ተማሪ 17 ዓመቱ ነው ወይስ 18 የሚለው ጥያቄ ለስኮላርሺፕም፣ ለፈተና ምዝገባም፣ በሕግ ፊት እንደ ልጅ ለመታየትም ወሳኝ ነው።

አስቀድመን መልካም ጎኑን እንናገር። ኤክሴል ቀንን በውስጡ የሚይዘው በተራ ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1900ን 1 ብሎ ይጀምርና በየቀኑ አንድ ይጨምራል። ስለዚህ በሁለት ቀኖች መካከል ስንት ቀን እንዳለፈ ለማወቅ መቀነስ ብቻ ይበቃል። ዩኒክስ የሚባለውም ሥርዓት እንዲሁ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ሰከንድ ይቆጥራል። ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንትም በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምረው ዓመተ ዓለሙን ያወጣሉ፤ ለ4 አካፍለውም በቀሪው ዘመኑ የማቴዎስ ይሁን የሉቃስ ይለያሉ። አንድ መነሻ ይዞ መቁጠር የሚያስመሰግን ዘዴ ነው።

አሁን ወደ ጉድለቱ እንምጣ። በኤክሴል ቁጥር 60 ማለት ፌብሩዋሪ 29 ቀን 1900 ነው። እንዲህ ያለ ቀን ግን በዓለም ላይ አልነበረም፤ 1900 ለ100 እንጂ ለ400 ስለማይካፈል ፌብሩዋሪው 28 ቀን ብቻ ነበረው። ስህተቱ የመጣው ከቀድሞው ሎተስ 1-2-3 ነው፤ የዚያ ፕሮግራም ፋይሎች ሳይዛቡ እንዲከፈቱ ሲባል እያወቁ አቆዩት። ይህ የተማሪዎቻችንን ዕድሜ አይነካም። የሚያስቆጨው ሌላ ነው፤ ያልነበረ ቀን ቁጥር ተሰጥቶት ሲኖር፣ እኛ በየዓመቱ የምንውለው ጳጉሜን ግን ቦታ አጣ።

አንዲት ልጅ ጳጉሜን 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ተወለደች እንበል። በፈረንጅ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 8 ቀን 2007 ማለት ነው። ጸሐፊው እንደሰማው 3/13/1999 ብሎ ቢመታ፣ በአሜሪካ አጻጻፍ የተስተካከለ ኮምፒውተር ዝም ብሎ ማርች 13 ቀን 1999 ያደርገዋል። ልጅቷ ባንድ ጊዜ ወደ 8 ዓመት ተኩል አረጀች! ጥቅምት 30 ቀን ለተወለደው ደግሞ 30/2 ተብሎ ሲጻፍ፣ ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለው ፕሮግራሙ እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል፤ ዕድሜም አይሰላለትም። ከሁለቱ የባሰው የመጀመሪያው ነው። እንቢ ያለ ማሽን ያስጠነቅቃል፤ በዝምታ የተቀበለ ግን ያሳስታል።

ሌላው፣ ፕሮግራሙ «ቀኑ አይታወቅም» የሚባል ነገር አያውቅም። ከቀያችን ስንወጣ የልደት ወረቀት የያዝነው ስንቶቻችን ነን? ዓመቱን ብቻ ለሚያውቅ ሰው ጃንዋሪ 1 ይጻፍለታል። አንድ ልጅ «በ2000 ዓ.ም. ተወለድኩ» ቢልና 7 ደምረው ጃንዋሪ 1 ቀን 2007 ቢጽፉለት፣ ያን ዕለት 2000 ዓ.ም. ለመግባት ገና ከ8 ወር በላይ ይቀረው ነበር። የኛ 2000 የገባው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ነውና። ታዲያ ይህ ልጅ 18 ሞላህ ተብሎ ከመብቱ ቢጎድል ተጠያቂው ማነው?

ሰው ሠራሹም ስሌት አለ። ብዙ ሰው ቀኖቹን ለ365 አካፍሎ ዕድሜ ያወጣል። በ18 ዓመት ውስጥ ግን 4 ወይም 5 ተጨማሪ ቀን ስላለ፣ ተማሪው ልደቱ ሳይደርስ 18 ይባላል። ትክክለኛው መንገድ የቆየ ነው፤ ዓመቱን ከዓመቱ ቀንሶ፣ ልደቱ ዘንድሮ ካልደረሰ አንድ ማጉደል። ሁለቱም ቀን በአንድ አቆጣጠር መሆን አለበት።

«ኮምፒውተር ለኛ አቆጣጠር አልተሠራም» የሚሉ ወንድሞች አሉ። አንስማማም። እ.ኤ.አ. በ2014 ጃቫ 8 ሲወጣ የታይላንድ፣ የጃፓን፣ የታይዋንና የሂጅራ አቆጣጠሮችን ይዞ መጣ፤ የኢትዮጵያን ግን ከነሱ ጋር አላካተተም። ሌሎች ሰዎች ግን ጆዳ ታይምና አይሲዩ በሚባሉት የፕሮግራም ስብስቦች ውስጥ አስገብተውታል። አስራ ሦስተኛ ወር ኮምፒውተርን አያስቸግረውም። የጎደለው የሚያስታውሰን ሰው ነው።

እስከዚያው በእጃችን ያለውን እናድርግ። መምህራን፣ ዝርዝር ስትሠሩ ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች ጻፉ፤ ያኔ ማሽኑ አይገምትም። በአራተኛው ዓምድ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» በሉ። የማይታወቀውን ባዶ ተዉት እንጂ ጃንዋሪ 1 አትበሉ። ተማሪዎችም፣ በማንኛውም ፎርም ላይ ልደታችሁ እንዴት እንደተጻፈ ሳታዩ አትፈርሙ። ፕሮግራም የምትማሩ ልጆች ደግሞ የመጀመሪያ ሥራችሁ ጳጉሜን 6ን በትክክል የሚቆጥር ፕሮግራም ይሁን። በዘመነ ሉቃስ ብቻ እንደምትመጣ አትርሱ!