በሙዚየም የከበረ ጭቃ፦ ስለ ዞማ ሙዚየም

የአዲስ አበባ የሰንበት ጎብኚ መንገዱ አስቀድሞ የተቀየሰ ነው። አምስት ኪሎ ወጥቶ በብሔራዊ ሙዚየም በ1967 ዓ.ም. በሐዳር ስለ ተገኘችው ድንቅነሽ ይማራል። ከዚያ ስድስት ኪሎ ዘልቆ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ይመለከታል። ጊዜ ከተረፈው እንጦጦ ይወጣል። ጉዞው ሁሉ ወደ ሰሜን፣ ወደ ዳገቱ ነው። ደቡቡ ግን ሰው የሚያድርበትና የሚሠራበት እንጂ የሚጎበኝ ነገር ያለበት ተደርጎ ሳይቆጠር ኖሯል። በ2011 ዓ.ም. በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ መካኒሳ የተከፈተው ዞማ ሙዚየም ይህን ልማድ የሚሞግት ሥራ ነው።

መሥራቾቹ አንትሮፖሎጂስቷና የሥነ ጥበብ ትርኢት አዘጋጇ መስከረም አሰግድ እና ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ናቸው። ቀድሞ በቆሻሻ የተበከለውን መሬት አጽድተው የአትክልት ሥፍራ፣ የትርኢት አዳራሽ፣ ቤተ መጻሕፍትና የሕፃናት ትምህርት ቤት አቆሙበት። ኤልያስ በውጭው ዓለም የሚታወቀው ከተጣሉ የኮምፒዩተር ሽቦዎችና ሰሌዳዎች በሚሠራቸው ሰፋፊ ሥራዎች ነው። በመካኒሳም የያዘው ይህንኑ መንገድ ነው፤ ሰው የናቀውን ነገር በትዕግሥት እየደጋገመ ወደ ክብር ያደርሰዋል። በዚያ ሽቦ ነበር፤ በዚህ ጭቃ ነው።

ወደ ግቢው የሚገባ ሰው ዓይኑ በቅድሚያ የሚያርፈው በመስታወት ሣጥን ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ላይ ሳይሆን በግድግዳው ላይ ነው። ከጭቃና ከጭድ የተሠራው ይህ ግድግዳ እንደ ውኃ ሞገድ፣ አንዳንድ ቦታም እንደ ጣት አሻራ በሚጠማዘዙ መስመሮች ተቀርጿል። የፀሐይዋ አቅጣጫ በተለወጠ ቁጥር ጥላው ስለሚለወጥ፣ መስመሮቹ የሚንቀሳቀሱ ይመስላሉ። የዞማ ታላቅነት እዚህ ላይ ነው። በሌሎች ሙዚየሞች ሕንፃው የቅርሱ መጠለያ ነው፤ እዚህ ግን ራሱ ሕንፃው ቅርስ ነው። የስድስት ኪሎው ሙዚየም የሕዝቦችን ባህል ከልደት እስከ ሞት ባለው የሕይወት ሂደት ማደራጀቱ የሚመሰገን ቢሆንም፣ መሣሪያው ከሠሪው እጅ ተለይቶ መቀመጡ ግድ ነው። በዞማ እጁና ሥራው ገና አልተለያዩም።

ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ መነሣት አለበት። ጌጡ እጅግ ከማማሩ የተነሣ ከሙያው ቀድሞ ዓይንን ይወስዳል። በተውኔት መድረኩ ከመጠን በላይ ሲያሸበርቅ ተመልካቹ ቃሉን ሳይሰማ እንደሚወጣ ሁሉ፣ የሰንበት ጎብኚም ከግድግዳው ፊት ቆሞ ፎቶግራፍ ይነሣል እንጂ ከልስኑ በስተጀርባ ስላለው አይጠይቅም። ጭቃው ከጭድ ጋር ተረግጦ ስንት ቀን ይቦካል? ምርጊቱ እንዳይሰነጠቅ ምን ይደረጋል? ዝናብ እንዳያጥበው ክፈፉ ምን ያህል መውጣት አለበት? ይህን የሚያውቀው ሙያተኛ በየሰፈሩ ነበረ፤ ማንም ግን ጠቢብ ብሎ አልጠራውም።

ነገሩ ከአንድ ሙዚየም የሚሰፋውም በዚህ ምክንያት ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ አብዛኞቹ የአዲስ አበባ ቤቶች ግድግዳቸው ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራ ነበር። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ በኮሪደር ልማት ምክንያት አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ ብዙ የጭቃ ግድግዳም አብሮ ፈርሷል። እሑድ በመካኒሳ የተደነቀው ጭቃ ሰኞ በሰፈሩ የድህነት ምልክት ይባላል። በእርግጥ ጣራው በሚያፈስስ ጠባብ ክፍል ውስጥ ለሚኖር ቤተሰብ ስለ ጭቃ ውበት መስበክ ግፍ ነው። ዳሩ ግን ያንን ቤተሰብ የበደለው ጭቃው አይደለም፤ ጥገና ማጣቱ፣ መጨናነቁና የውኃ መውረጃ አለመኖሩ ነው። በአግባቡ የተመረገና በየጊዜው የሚታደስ የጭቃ ግድግዳ ለረጅም ዘመን ይቆማል፤ ቀን ሙቀቱን፣ ሌሊት ብርዱን ይከላከላል።

እንግዲህ ዞማን ማድነቅ ብቻውን አይበቃም። ሙያውን የሚያውቁት አዛውንት በሕይወት ሳሉ የሕንፃ ሥራ የሚያስተምሩ ተቋማት ተማሪዎቻቸውን ወደ መካኒሳ ይላኩ፤ ተማሪዎቹም ጭቃውን በእግራቸው ረግጠው፣ በእጃቸው መርገው ይመለሱ። ጎብኚውም ወደ ሰፈሩ ሲመለስ የጎረቤቱን የጭቃ ግድግዳ በመካኒሳ ባየበት ዓይን ይመልከተው። ይህ ካልሆነ ሙዚየሙ የሚያስተምረን እንዴት እንደምንሠራ ሳይሆን ምን እንዳጣን ብቻ ይሆናል።