«ኃይል» የሚለው ቃል በፊዚክስ ስሌት ሲፈተን

ሙያዊ ቃላትን ስንመዝን አብዛኛውን ጊዜ የምንጠይቀው ቃሉ ለጆሮ ይስማማል ወይ፣ ሥርወ ቃሉስ ከየት ነው የሚለውን ነው። በመግቢያ ፊዚክስ ትርጉም ግን ከዚህ የጠነከረ መመዘኛ አለ፤ ይኸውም ተማሪው በቃሉ ተመርቶ ስሌቱን በትክክል ሊሠራ ይችላልን? የሚለው ነው።

በዚህ መመዘኛ የ«ኃይል» አጠቃቀማችን ይወድቃል። «የስበት ኃይል» ስንል የሚስበውን ነገር፣ «የአቶም ኃይል» ስንል ሥራ የመሥራትን ችሎታ፣ የአንድ ማመንጫ ኃይል ይህን ያህል ሜጋዋት ነው ስንል ደግሞ ሥራው የሚከናወንበትን ፍጥነት ማለታችን ነው። የመጀመሪያው በኒውተን፣ ሁለተኛው በጁል፣ ሦስተኛው በዋት ይለካል። («የፈረስ ጉልበት» የምንለውም ከሦስተኛው ወገን መሆኑ ነገሩን ይበልጥ ያወሳስበዋል።)

ጉዳቱ በምሳሌ ይታይ። 2 ኪሎግራም የሚመዝን ጋሪ በሴኮንድ 6 ሜትር እየሄደ፣ ከቆመ ባለ 4 ኪሎግራም ጋሪ ጋር ተጋጭቶ ተጣበቀ እንበል። የጥያቄው መፍቻ ሞመንተም ነው፤ 2 በ6 ሲባዛ 12 ይሆናል፤ ይህ ለ6 ኪሎግራም ሲካፈል ፍጥነቱ በሴኮንድ 2 ሜትር ይወጣል። የእንቅስቃሴው ኢነርጂ ግን ከ36 ጁል ወደ 12 ጁል ወርዷል፤ 24ቱ ወደ ሙቀትና ወደ ቅርጽ ለውጥ ሄዷል። አሁን ተርጓሚው አንዱን «የእንቅስቃሴ ኃይል»፣ ሌላውን «የእንቅስቃሴ መጠን» ብሎ «በግጭት ጊዜ ይጠበቃል» ብሎ ቢጽፍ፣ ተማሪው 36ን ይዞ ይነሣና 3.46 ላይ ይደርሳል። ሒሳቡ እንከን የለውም፤ የተሳሳተው ስያሜው ነው።

ችግሩ የአማርኛ ብቻ እንዳይመስል፣ ሄልምሆልትዝ እ.ኤ.አ. በ1847 ዛሬ ኢነርጂ የምንለውን የጻፈው «ክራፍት» ብሎ ነበር። ጀርመኖች በኋላ ባዕዱን «ኤኔርጊ» ተቀብለው በሙያው ቋንቋ «ክራፍት»ን ለሚገፋውና ለሚስበው ብቻ ተዉት። እኛም «ኢነርጂ»ን ለመፍራት ምክንያት የለንም፤ የውኃና ኢነርጂ ሚኒስቴር የሚለው ስያሜ ሕዝብ እንደለመደው ያሳያል። ስለዚህ «ጉልበት» ለሚገፋው፣ «ኃይል» በዋት ለሚለካው፣ «ኢነርጂ» በጁል ለሚለካው ቢመደቡ እንመርጣለን። «የስበት ኃይል»ን ያለመደው ጆሮ ስለሌለ ተቃውሞ እንደሚነሣ አንስተውም።

ስለ ሞመንተም «የእንቅስቃሴ መጠን» ለኒውተን የላቲን አጠራር ታማኝ ነው፤ ሩሲያኛውም ይህንኑ መንገድ ይከተላል። ዳሩ ግን በአማርኛ «መጠን» አቅጣጫን አያሳስብም፤ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሄዱ ሁለት እኩል ጋሪዎች ሞመንተማቸው ተደምሮ ዜሮ እንደሚሆን ከዚህ ስም ማን ይገምታል? «ተንደረደረ» ከሚለው ግስ የሚወጣው «እንድርድሪት» ግን ወዴት የሚለውን ጥያቄ ይጋብዛል፤ የተንደረደረ ሰው በቀላሉ እንደማይቆምም ተናጋሪው ሁሉ ያውቃል። ለጊዜው ጥርስ ቢያደናቅፍም እንደግፈዋለን።

የቀረው «ጥበቃ» ነው። «የኢነርጂ ጥበቃ» ሲባል ተማሪው ኢነርጂን መቆጠብ ይመስለዋል፤ ሕጉ ግን የሚጠብቅ ሰው የለበትም። ከግእዙ «ዐቀበ» ቢወሰድም ፍቹ ያው መጠበቅ ነው። የተሻለ ነጠላ ስም እስኪገኝ ድረስ «የኢነርጂ ድምር አለመለወጥ» ብሎ በግልጽ መጻፉን እንመርጣለን፤ ድምሩ የማን እንደሆነም፣ የአንዱ ጋሪ ይሁን የሁለቱ፣ ተርጓሚው አብሮ ይጻፍ።