የኩላሊት ነርቭ፣ የልብ ምትና የጅግጅጋው ሕመምተኛ

እ.ኤ.አ. በ2020 ጃማ በተባለው የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣው ኢራዲኬት ኤኤፍ የተሰኘ ጥናት፣ የደም ግፊትንና ኤትሪያል ፊብሪሌሽንን አጣምረው የያዙ ሕመምተኞችን የሚከታተል ባለሙያ ሁሉ ሊያነበው የሚገባ ነው። ይህ ጽሑፍ ጥናቱን በመጀመሪያ በራሱ ሚዛን፣ ቀጥሎም በጅግጅጋና በሰሜናዊ የሶማሌ ክልል ከተሞች ከሚሠራ የጤና ባለሙያ አንጻር ለመመዘን ይሞክራል።

የጥናቱ መነሻ ሐሳብ ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የፈረንሳይ ሐኪሞች ኤትሪያል ፊብሪሌሽንን የሚቀሰቅሱት ምቶች በአብዛኛው ከሳንባ ደም መልስ ቧንቧዎች እንደሚነሡ አሳዩ። ከዚያ ወዲህ እነዚህን ቧንቧዎች በካቴተር ከልብ የላይኛው ግራ ክፍል በኤሌክትሪክ የመነጠል ሕክምና፣ ማለትም አብሌሽን፣ በዓለም ተስፋፍቷል። ይሁን እንጂ ከሕክምናው በኋላም ምቱ ተመልሶ የሚዛባባቸው ጥቂቶች አይደሉም፤ የደም ግፊትም ለዚህ አስተዋፅኦ ያደርጋል። የኢራዲኬት ኤኤፍ ተመራማሪዎች እንግዲህ በኩላሊት ደም ቅዳ ቧንቧዎች ዙሪያ ያሉትን የሲምፓቴቲክ ነርቮች በተጨማሪ ማዳከም ይጠቅም እንደሆነ ጠየቁ።

አልፎ አልፎ የሚከሰት ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ያለባቸውና የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ 302 ሰዎች በዕጣ ተደለደሉ። ከ12 ወራት በኋላ አብሌሽን ብቻ ከተደረገላቸው 56.5 በመቶው፣ የኩላሊት ነርቭ ሕክምና ከተጨመረላቸው ደግሞ 72.1 በመቶው ከምት መዛባት ነጻ ሆነው ተገኙ። የላይኛው የግፊት ልኬት በመጀመሪያው ቡድን ከ151 ወደ 147 ብቻ ሲወርድ በሁለተኛው ከ150 ወደ 135 ዝቅ ብሏል።

ውጤቱ የሚያበረታታ ነው። ነገር ግን ሁለት ጥያቄዎች መነሣታቸው አይቀርም። አንደኛው፣ ጥናቱ የማስመሰያ ሕክምና የተደረገለት ቡድን አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ሲምፕሊሲቲ ሦስት የተባለ ጥናት ይህን ጥንቃቄ በማድረጉ፣ የማስመሰያው ቡድንም ግፊት እንደወረደና የኩላሊት ነርቭ ሕክምና ብልጫ እንዳላሳየ ገልጦ ነበር። ሁለተኛውና የከበደው፣ የማነጻጸሪያው ቡድን ግፊት ዓመቱን ሙሉ ከ140 በላይ መቆየቱ ነው። በዚህ የተነሣ ጥናቱ የኩላሊት ነርቭ ሕክምናን ያወዳደረው በሚገባ ከተቆጣጠሩት ግፊት ጋር አይደለም። ጥቅሙ ከነርቮቹ መዳከም ይሁን ከግፊቱ መውረድ መለየት አስቸጋሪ ሆኗል።

በተቃራኒው፣ መድኃኒት መጨመር ብቻውን ተመሳሳይ ውጤት ያስገኛል ብሎ መደምደምም ችኮላ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ስማክ ኤኤፍ፣ ከአብሌሽን በፊት ግፊትን በመድኃኒት አጥብቆ ማውረድ የምቱን መመለስ እንዳልቀነሰ አሳይቷልና። ስለዚህ ጥያቄው ገና አልተዘጋም።

አሁን ወደ አካባቢያችን እንመለስ። አንድ የስልሳ ዓመት አዛውንት ልባቸው እየተምታታ ከአውበሬ ወይም ከቶጎ ውጫሌ ወደ ጅግጅጋ መጡ እንበል። ግፊታቸው 170 ነው፤ ኢሲጂው ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ያሳያል። ልጆቻቸው በውጭ አገር ስለሚሰጠው የካቴተር ሕክምና ሰምተዋል፤ ግመሎቹን ሸጠን እንላካቸው ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ባለሙያው የሚሰጠው ምላሽ የቤተሰቡን ሀብትም የአዛውንቱን ሕይወትም የሚነካ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 በላንሴት የወጣና 47 አገሮችን ያካተተ ጥናት፣ ከአፍሪካ ሕመምተኞች በአንድ ዓመት ውስጥ 20 በመቶው እንደሞቱና 8 በመቶው በስትሮክ እንደተጠቁ ዘግቧል። ስትሮክን የሚከላከለው በዋነኛነት የደም መርጋትን የሚያግድ መድኃኒት ነው። አብሌሽን የተደረገለት ሰው እንኳ ይህን መድኃኒት ቢያንስ ለ2 ወር መውሰድ አለበት፤ ከዚያም በኋላ መቀጠሉ የሚወሰነው በስትሮክ ሥጋቱ እንጂ ምቱ በመስተካከሉ አይደለም። የደም ግፊት ራሱ በዚህ ሥጋት ስሌት ውስጥ አንድ ነጥብ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመውና 2,204 ሰዎችን ያሳተፈው ካባና ጥናትም አብሌሽን የኑሮን ጥራት ቢያሻሽልም፣ ሞትንና ከባድ ስትሮክን ጨምሮ የተመዘኑትን ዋና ዋና ጉዳቶች ከመድኃኒት ሕክምና ይልቅ በጉልህ መቀነሱን አላረጋገጠም። ግመሎቹን ሸጦ የሄደ፣ ሲመለስ ግን ግፊቱንና ደም ማቅጠኛውን የተወ ሰው፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደጣለችው ይሆናል።

ይህ ማለት ግን ማንም አይላክ ማለት አይደለም። ምቱ በመድኃኒት ያልተረጋጋለት፣ ድካሙ ከሥራ ያገደውና ልቡ እየደከመ የሄደ ሕመምተኛ የልብ ስፔሻሊስት ሊያየው ይገባል። ቁም ነገሩ ቅደም ተከተሉ ነው።

በመጀመሪያ፣ በቀብሪበያህም ሆነ በሽንሌ ግፊት የሚለካ ባለሙያ የእጅን ምት በጣቱ ይዳስስ፤ ምቱ ወጥ ካልሆነ አውቶማቲክ መለኪያ ሊያሳስት ስለሚችል በእጅ መለኪያ ደጋግሞ ይለካ፤ ኢሲጂም ያስነሣ። በሁለተኛ ደረጃ፣ ጫት የልብ ምትንና ግፊትን ስለሚጨምር ስለ አጠቃቀሙ ያለ ወቀሳ ይጠይቅ። በሦስተኛ ደረጃ፣ የልብ ቫልቭ ሕመም መኖር አለመኖሩ ይጣራ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ኢንቪክተስ ጥናት፣ በሩማቲክ የልብ ሕመም ሳቢያ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ላለባቸው ከሪቫሮክሳባን ይልቅ እንደ ዋርፋሪን ያሉት መድኃኒቶች እንደሚሻሉ አሳይቷልና። በመጨረሻም፣ ዋርፋሪን የሚታዘዝለት ሰው ከከብቱ ጋር የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ የደም ምርመራውን የትና መቼ እንደሚያደርግ መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት ከቤተሰቡ ጋር ይመከርበት።

ኢራዲኬት ኤኤፍ ልብንና ግፊትን ለያይቶ ማከም እንደማይበቃ አስታውሶናል። ይህን ትምህርት ለመተግበር ካቴተር መጠበቅ አያስፈልግም፤ ግፊት መለኪያውና ምት የሚዳስሰው ጣት ዛሬውኑ በእጃችን ናቸው።