የፈረሱ አባት

ሽማግሌው ፈረስ ሲመለከቱ ከፊቱ አይቆሙም። ወደ ኋላው ዞረው፣ አሥር ርምጃ ያህል ርቀው፣ በትራቸውን ተደግፈው ይጠብቃሉ። ልጃቸው ፈረሱን በልባቡ ይዞ ቀስ እያለ ያርቀዋል፤ ከዚያ አዙሮ ይመልሰዋል። የመንዝ ጓሳ ውርጭ ገና ከሣሩ ላይ አልተነሣም፤ የፈረሱ ትንፋሽ እንደ ጢስ ይወጣል። የእኔ ዓይን ጋማው ላይ ነበር። የእሳቸው ዓይን ግን መሬት ላይ ነው። የፊት እግሩ ረግጦ የተነሣበትን ቦታ፣ ከዚያም የኋላ እግሩ የት እንዳረፈ ያያሉ። ዳናው ውርጩ ላይ እንደ ማኅተም ቁልጭ ብሎ ይታያል። የኋላው ሰኮና የፊተኛውን ዳና በአንድ ጋት ያህል አልፎ ያርፋል። ሦስት ጊዜ አስመላለሱት፤ ሦስቱንም ጊዜ ጎንበስ ብለው ዳናውን አዩ።

"አባባ፣ ለምን አያስጋልቡትም?" አልኳቸው።

"ሲጋልብማ ሁሉም ፈረስ ያምራል፣ ልጄ። ሲራመድ ነው የሚታወቀው።"

በእንግሊዙ ኒውማርኬት ወይም በኬንታኪው ኪንላንድ የፈረስ ጨረታ ላይ የሚውሉ ገዢዎች ይህን ቢሰሙ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። እዚያ ለጨረታ የሚቀርበው የአንድ ዓመት ውርንጭላ ገና ኮርቻ አልተጫነበትም፤ ሩጫውን ያየ ሰው የለም። ስለዚህ ሚሊዮን ሊያወጣ የመጣው ሰው ከኋላና ከጎን ቆሞ አረማመዱን ያያል። የኋላ እግር የፊተኛውን አልፎ ከረገጠ፣ ታፋው ከሆዱ ሥር ገብቶ መግፋት ይችላል፤ ትከሻውም ለመዘርጋት ቦታ አለው ማለት ነው። ሽማግሌው ይህን ያወቁት ከአባታቸው ነው።

ፈረሱ ዳማ ነው፤ ግንባሩ ላይ ቦራ አለው። ዕድሜው አሥራ ስምንት ዓመት ነው አሉኝ። በጉልበቱ ዘመን በጥምቀት ጉግስ የሚጋለብ ነበር፤ ዛሬ ኮርቻ አይጫንበትም። ሥራው አባትነት ብቻ ነው። ቁመቱ እንደ አብዛኛው የደጋ ፈረሳችን ከ1 ሜትር ከ30 ሴንቲሜትር ብዙም አይርቅም። ቀርቤ ሳየው ግን የቁመቱን ነገር ረሳሁት። ትከሻው ከማጅራቱ ወደ ደረቱ ጋደል ብሎ ይወርዳል፤ ትከሻው ቀጥ ያለ ፈረስ መሬት በመታ ቁጥር ሰውን ይነርታል፣ ይህ ግን ምቱን ውጦ ያስቀረዋል። ጉልበቱ ሰፊና ጠፍጣፋ ነው። ከጉልበቱ በታች ያለው አጥንት አጠር ይላል፤ ከጀርባው ያለው ጅማት ከአጥንቱ ተለይቶ፣ እንደ ተወጠረ የበገና አውታር ከቆዳው ሥር ይታያል። ሰኮናው ጥቁር ነው፤ ብረት ነክቶት አያውቅም፤ ዕድሜ ልኩን የሞረደው የመንዝ ድንጋይ ነው። በሁለቱም ጎኑ የኮርቻው መታጠቂያ የፋቀው ቦታ ላይ ነጭ ጠጉር በቅሏል። ሥራውን ጨርሶ መምጣቱን ያ ነጭ ጠጉር ይመሰክርለታል።

ስለ መንዝ የእጅ ሥራ ሲወራ ባና ይነሣል፤ ይገባዋልም። እኔ ግን ከመንዝ እጅ ከወጣው ሁሉ ይህን የሚያህል አላየሁም። ባና ሠሪ ስሕተቱን ፈትቶ መልሶ ይሠራል። ፈረስ የሚያዛምድ ሰው ግን የሥራውን መልክ የሚያየው ከዐሥራ አንድ ወር በኋላ ነው፤ ደግ ሠርቶ እንደ ሆነ የሚያውቀው ደግሞ ውርንጭላው አድጎ፣ ተገርቶ፣ ሜዳ ላይ ሲወጣ፣ አራትና አምስት ዓመት ቆይቶ። በአንድ ሰው ዕድሜ ስንት ጊዜ ተሳስቶ ስንት ጊዜ ይታረማል? ምናልባት ይህን ዓይነት ትዕግሥት በዚህ ምድር ማግኘቴ ሊያስደንቀኝ አይገባም። ጓሳን ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት የጠበቀው ሕዝብ ይኸው ነው፤ ሣሩ እንዲያገግም ሜዳውን ለዓመታት ዘግቶ፣ በስምምነት ከፍቶ፣ መልሶ የሚዘጋ። ቄሮ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ቢፈርስም ሜዳው ዛሬም በአካባቢው ማኅበረሰብ ጥበቃ ሥር ነው። መንዝ ራሱ ሲከፈል ድርሻውን የለየው የፈረስ ግልቢያ ነው ብለውም ያወጉታል።

ባዝሮቹ የሚመጡት በጥቅምት ነው። በጥቅምት የተጠቃች ባዝራ በመስከረም ትወልዳለች፤ ክረምቱ ወጥቶ ሣሩ በጉልበቱ ሳለ ወተቷ ይሞላል። እንግሊዞች ከወቅቱ ጋር የሚታገሉት በመብራት ነው። የእሽቅድምድም ፈረስ ሁሉ በሰሜኑ ክፍለ ዓለም የልደት ቀኑ በፈረንጅ ጥር 1 ተብሎ ስለሚቆጠር፣ ዘግይቶ የተወለደ ውርንጭላ ከታላላቆቹ ጋር እኩል ዕድሜ ተሰጥቶት ይሮጣል። ስለዚህ በክረምቱ ጨለማ በባዝራዋ ጋጣ አምፖል እያበሩ ቀኑን ወደ ዐሥራ ስድስት ሰዓት ያራዝሙላታል፤ ሰውነቷ ጸደይ የገባ መስሎት ቀድማ እንድትደራ። በጓሳ ቀንና ሌሊት ዓመቱን ሙሉ እምብዛም ስለማይበላለጡ ወራቱን የሚወስነው ሣሩ ነው።

ባዝራዋ ስትመጣ ወዲያው ከድንጉላው ጋር አያገናኟትም። በካብ ማዶና ማዶ ያቆሟቸዋል። ድንጋዩ ደረት ድረስ ይመጣል፤ አንገት ለአንገት ይሸታተታሉ። ጆሮዋን ወደ ኋላ ጥላ በእግሯ ካቡን ከመታች፣ "ገና ናት" ብለው ይመልሷታል፤ የባዝራዋ ባለቤት ከሩቅ መምጣቱን ቢነግራቸውም አይሰሙም። ጭራዋን ወደ ጎን አድርጋ ከቆመች ቀኗ ነው። ጊዜዋ ካመለጠ በሦስት ሳምንት ገደማ ይመለሳል። የታላላቆቹ የፈረስ እርባታዎች ካብ በስፖንጅ የተሸፈነ ሰሌዳ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አስተዋልኩ። ዳማው ወደ ባዝራ ሲወጣ የሚደረግለት በጓሳ ሣር የተገመደ ልባብ ነው። የቆዳው ልጓም ያን ቀን ከተሰቀለበት አይወርድም። ገመዱን ሲያይ አንገቱን ይቆልፋል፤ ያለ ገመዱ ባዝራ በአጠገቡ ብታልፍም ዝም ብሎ ይግጣል። ከእሽቅድምድም የተገለለ ፈረስ አዲስ ሥራውን የሚማረውም እንዲሁ ነው። ሲወዳደር በኖረበት ዘመን ባዝራ ባየ ቁጥር ሲቆጡት ኖረዋል፤ አሁን ተፈቅዶልሃል ማለትን፣ ግን ባልኩህ ጊዜ ብቻ ማለትን፣ አብሮ ማስተማር ያስፈልጋል። ብዙ አሠልጣኞች ለዚህ ብቻ የሚያገለግል የተለየ ልጓም ያጠልቁለታል። የእህል ቀለቡ ይቀነሳል፣ ሜዳ ይለቀቃል፣ ለሩጫ የተወጠረው ሥጋው ቀስ በቀስ ይላላል። ይህን ሽግግር ያለ ቁጣና ያለ ዱላ የሚያሳልፍ ሰው ትልቅ ባለሙያ ነው።

የዚያኛው ዓለም ዋጋ ልብ ያስደነግጣል። ፍራንክል የሚባለው የእንግሊዝ ፈረስ 14 ጊዜ ሮጦ 14ቱንም አሸንፎ እ.ኤ.አ. በ2012 ተገለለ፤ በመጀመሪያው ዓመት አንዲት ባዝራ ለማጥቃት 125,000 ፓውንድ ይከፈልበት ነበር፤ በ2024 ዋጋው 350,000 ደርሷል። በመርፌ ማዳቀል በዚህ የእሽቅድምድም ፈረስ ዝርያ ክልክል ነው። ባዝራዋ በአካል መምጣት አለባት፤ እንደ መንዝ።

እኔን የሚያስቀናኝ ግን ገንዘቡ አይደለም፤ መዝገቡ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1791 ጀምሮ የእያንዳንዱ የእሽቅድምድም ፈረስ አባትና እናት ይጻፋል። በአባት በኩል ሁሉም ወደ ሦስት ድንጉላዎች ይወጣሉ፤ ከነሱ አንዱ፣ ዳርሊ አረብያን፣ እ.ኤ.አ. በ1704 ከሶርያዋ ሐለብ የተገዛ ነው። የእኛ ልማድ ከዚህ ጋር ሲተያይ ያመኛል። እኛ ነገሥታታችንንና የጦር መሪዎቻችንን በፈረሳቸው የጠራን ሕዝብ ነን። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ጎበና አባ ጥጉ። ሰውየው የፈረሱ አባት ተብሎ ተጠራ። የታጠቅ አባት ማን ነበር? ዳኘውን የወለደችው ባዝራ ከየት መጣች? ፈረሱ ስሙን ለጌታው ሰጠ እንጂ የራሱ ዘር አልተጻፈለትም።

ቃላችን ራሱ ይመሰክርብናል። ፈረስን ስናደንቅ "ሰንጋ" እንላለን፤ ሰንጋ ደግሞ በመሠረቱ የተኮላሸ ነው። የምናደንቀውን ፈረስ የምናመሰግንበት ቃል ዘሩ በእሱ እንዳበቃ ይናገራል። ባዝራዋም አልተረፈችም። ጥሩ በቅሎ ከፈረስ በላይ ዋጋ ስለምታወጣ፣ ለበቅሎ ሲባል ስንት ሸጋ ባዝራ ለአህያ ተሰጠች! በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች የሚለውን ተረት ስንስቅበት ኖረናል። እኔ አሁን ስሰማው የምትታየኝ እናቲቱ ናት፤ ፈረስ መውለድ ስትችል መካን የወለደች።

እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የዘረመል ጥናት ደግሞ አንድ ደስ የሚል ነገር አግኝቷል። ፈረስን በአጭር ርቀት ፈጣን የሚያደርገው የዘር ምልክት ከምሥራቅ ከመጡት ዝነኛ ድንጉላዎች የተገኘ አይመስልም፤ ከ300 ዓመት ገደማ በፊት ከኖረች አንዲት የብሪታንያ አገር በቀል ባዝራ የመነጨ ሳይሆን አይቀርም። የአባቶቹ ስም በወርቅ ተጽፎ፣ ፍጥነቱን የሰጠችው እናት ግን ስም የላትም። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ገብስ ተጭና የምትሄድ የመንዝ ባዝራ ሳይ ቆሜ አያታለሁ።

የእንግሊዝ ድንጉላ አምጥተን እናዳቅል የሚል ሐሳብ ሲነሣ እሰማለሁ። የሰሜን ጀርመን ገበሬዎች አድርገውታል፤ ትራክተር መጥቶ የሆልስታይን የእርሻና የሠረገላ ባዝሮች ሥራ ሲያጡ፣ ሌዲኪለርን የመሰሉ የእሽቅድምድም ድንጉላዎች አስገብተው፣ በሌዲኪለር ልጆች በላንድግራፍና በሎርድ በኩል ዓለም የሚያውቀውን ዘላይ ፈረስ ሠሩ። ሥራው ያማረው ግን ባዝሮቻቸው የተመዘገቡ፣ ጉድለታቸው የታወቀ ስለነበሩ ነው። በ3,200 ሜትር ከፍታ፣ በዚህ ውርጭ፣ ስስ ቆዳ ያለው 1 ሜትር ከ60 የሚሆን ድንጉላ ማቆም ለእኔ ጭካኔ ነው። መዝገቡ ይቅደም። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው፣ በየዓመቱ ጥር 23 በዓሉን የሚያከብረው የአዊ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ያለበት አገር ደብተር የሚይዝ ሰው አያጣም።

ሽማግሌውን የዳማውን ትውልድ ጠየቅኋቸው። ወዲያው ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ። የጋብቻ ዝምድናን እስከ ሰባት ቤት ሲቆጥር የኖረ ሰው ለፈረስም ይቆጥራል። ልጁን ከእናቱ፣ እህትን ከወንድም አያገናኙም፤ አያት የተጋሩ እንደ ሆነም ባዝራዋን ወደ ሌላ ቀዬ ይሰዷታል። ስለ ፍራንክል ነገርኳቸው፦ በአባቱ በጋሊሊዮ በኩል ሦስተኛው ትውልድ ላይ፣ በእናቱ በካይንድ በኩል አራተኛው ላይ ኖርዘርን ዳንሰር የሚባል አንድ ፈረስ ይገኛል። ዝም ብለው አሰቡ።

"እኛ ጋ አይጋቡም ነበር" አሉ።

ከዚያ ወደ ቆጠራቸው ተመለሱ። የዳማው እናት ቡላዋ፣ ከጎረቤት በገብስ የተለወጠች። የእሷ እናት ጉራቿ፣ በግራ የኋላ እግሯ ነጭ ያለባት። የእሷ እናት አምባላይዋ፣ አባታቸው ከመርሐቤቴ ያመጧት። አባቶቹን ደግሞ ለብቻቸው ዘረዘሩ። ደብተሬን አውጥቼ ጻፍኩት። ሲጨርሱ አንብብልኝ አሉኝ። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ፤ ጉራቿ ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሡ።

"ቀኝ አልክ። ግራ ነው። የግራ የኋላ እግሯ።"

ሰርዤ አስተካከልኩት።