ገበና ጠባቂው አስተማሪ ሲሆን

የሳይበር ደህንነት ባለሙያ የደንበኛውን ገበና አይቶ ይወጣል፤ ያየውን ግን አያወራም፣ ውሉም አይፈቅድለትም። አስተማሪ ሆኖ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ደግሞ ለተማሪዎቹ ሊነግራቸው የሚገባው ያንኑ ገበና ነው። ከዩኒቨርሲቲ ደመወዝ ማነስ ይልቅ የሚከብደው ይህ ይመስላል።

ፕሮፌሰር ሮስ አንደርሰን በዚህ መንገድ አልፈዋል። በአውሮፕላን ኤሌክትሮኒክስና በባንክ ደህንነት ሥራ ላይ ቆይተው ነው ለዶክትሬት ወደ ካምብሪጅ የተመለሱት። እ.ኤ.አ. በ1993 ያሳተሙት ጥናት ከእንግሊዝ ኤቲኤሞች ገንዘብ እንዴት እንደሚሰረቅ ያሳያል። ብዙዎች የረቀቀ የምስጢር ኮድ የሚፈታ ሌባ ይጠብቁ ነበር። የተገኘው ግን ሌላ ሆነ። ሙሉውን የሒሳብ ቁጥር ደረሰኝ ላይ የሚያትሙ ማሽኖች ነበሩ፤ ሌቦች ወረፋ ይዘው የምስጢር ቁጥሩን በዓይናቸው ይቀልባሉ፣ የተጣለውን ደረሰኝ ያነሳሉ፣ ካርድ ይሠራሉ። ለሙከራ ተብሎ 14 አሃዝ ሲመታለት አሥር ኖት የሚሰጥ ማሽንም ነበር። አንድ ባንክማ እነዚያን አሃዞች በቅርንጫፎቹ መመሪያ ላይ አሰፈራቸው! ለዚህ ምን ሊቅ ያስፈልጋል?

ባንኮቹ ግን ማሽናችን አይሳሳትም ባይ ነበሩ። ገንዘቤ ያለ እኔ ተወሰደ ብሎ ያመለከተ አንድ ፖሊስ በ1994 በማጭበርበር ሙከራ ተፈረደበት። አንደርሰን የተከሳሹ ወገን ባለሙያ ምስክር ሆነው ቀረቡ፤ ባንኩ ሲስተሙን ለማስመርመር እምቢ አለ። ሰውየው ነጻ የወጣው በ1996 በይግባኝ ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። አውሮፕላን ሲወድቅ መንስኤው ተመርምሮ ይፋ ይሆናል፤ የባንክ ሲስተም ሲወድቅ ይሸፋፈናል፤ ስለዚህ ቀጣዩ መሐንዲስ ያንኑ ስህተት ይደግማል ሲሉ አንደርሰን በ1993ቱ ጥናት ተከራክረዋል። በ2001 የወጣው «ሴኪዩሪቲ ኢንጂነሪንግ» የተሰኘው መጽሐፋቸውም ከታክሲ ቆጣሪ እስከ ኑክሌር መሣሪያ ቁጥጥር ድረስ የብልሽት ታሪክ ሞልቶታል። የመጀመሪያውን እትም ኋላ ላይ በነጻ ለቀቁት።

ታሪክ መደርደር ብቻውን ማስተማር አይደለም፤ የቀድሞ ጀብዱውን እየተረከ ሰዓት የሚገፋ መምህር በየትኛውም ሙያ አይጠፋም። የአንደርሰን ብልጫ ሥራ ላይ ሳሉ ያዩትን ወደ ጥያቄ መለወጣቸው ነው፤ ሲስተሙ ሲወድቅ ኪሳራው በማን ላይ ነው? በአሜሪካ ደንበኛው ካስተባበለ ማስረዳት የባንኩ ግዴታ ነበር። በእንግሊዝ ሸክሙ በደንበኛው ላይ ወደቀ፤ ባንኮቹም ተዘናጉ። ይህ ጥያቄ ሰፍቶ በ2002 በበርክሌይ የመረጃ ደህንነት ኢኮኖሚክስ ጉባኤ ተከፈተ፤ ኮምፒውተር አዋቂዎችና የኢኮኖሚ ምሁራን አንድ አዳራሽ ገቡ።