ከተክሊል በፊት፣ ከተክሊልም በኋላ

አንድ ወጣት ለክህነት ሲታጭ ቤተ ክርስቲያን ለዓመታት ታስተምረዋለች፤ ጠባዩን ትመረምራለች፤ ጥሪውን ትፈትናለች። ዕድሜ ልካቸውን በአንድ ቃል ኪዳን ለሚታሰሩ ሁለት ወጣቶች ግን ጥቂት ሳምንታት ይበቃሉ ትላለች። ይህን ሚዛን ያጣ አሠራር በግልጽ የነቀፉት እ.ኤ.አ. በ2025 ያረፉት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ነበሩ። ነቀፋው የሚገኘው፣ በቫቲካን የምእመናን፣ የቤተሰብና የሕይወት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 ስለ ጋብቻ ዝግጅት ባወጣው ሰነድ መቅድም ላይ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረውም ይህንኑ ሰነድ ነው።

የሰነዱ ዐቢይ አሳብ ከጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን የተወሰደ ነው። በዚያ ዘመን ጥምቀት የሚሻ ሰው በንዑሰ ክርስቲያንነት ደረጃ በደረጃ እየተማረና እየተፈተነ ወደ ምሥጢሩ ይቀርብ ነበር። ሰነዱ ለእጮኛሞችም ተመሳሳይ ጉዞ ይቀርጻል። ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ቤተሰብ በጻፉት ሐዋርያዊ ምክር የሩቅ፣ የቅርብና የመጨረሻ ብለው የከፈሏቸውን የዝግጅት ደረጃዎች ተቀብሎ፣ የቅርቡ ዝግጅት አንድ ዓመት ያህል እንዲወስድ ይመክራል። ከሁሉ የሚበልጠው ብርታቱ ግን ትምህርቱን በሠርጉ ቀን አለመዝጋቱ ነው። ሙሽሮቹ በመጀመሪያዎቹ የትዳር ዓመታትም አጋዥ እንዲኖራቸው ይጠይቃል። ጎጆ የሚናጋው የገንዘብ አያያዝ፣ የአማቶች ጉዳይና የልጅ መምጣት እውን በሚሆኑባቸው በእነዚያ ዓመታት እንደሆነ ትዳርን የሚያውቅ ሁሉ ይመሰክራል።

ይህ መልካም አሳብ ወደ ምሥራቅ አፍሪካና ወደ አፍሪካ ቀንድ ሲደርስ ግን ሰነዱ ያልሰፋበት አንድ ነገር ይገጥመዋል። ሰነዱ እጮኛሞችን የሚያጅቡ ብሎ በዋነኛነት የሚያስባቸው ካህናትን፣ ገዳማውያንንና በትዳር የቆዩ ባለትዳሮችን ነው። በአካባቢያችን ግን ጋብቻን የሚያዘጋጁት ከሁሉ አስቀድሞ ሁለቱ ቤተሰቦች ናቸው። በኢትዮጵያ ሽማግሌ ይላካል፤ ሚዜ ይመረጣል። በቡጋንዳ ‘ክዋንጁላ’ በሚባለው ሥርዓት ወንዱ ከወገኖቹ ጋር በልጅቱ ቤተሰብ ፊት ይቀርባል። እነዚህ ሰዎች ጥንዶቹ ሲጣሉም የሚጠሩ አስታራቂዎች ናቸው። ቁምስናው እነርሱን ከትምህርቱ ውጭ ካስቀረ፣ ከሠርግ በኋላ ይኖራል የተባለው አጃቢ ከየት ይመጣል?

ይህን ስንል ሽማግሌው በሙሽሪት ፈንታ ይናገር ማለታችን አይደለም። በካቶሊክ ሕግ ያለ ተጋቢዎቹ ነጻ ፈቃድ ጋብቻ የለም፤ በኀይል ወይም በብርቱ ፍርሃት የተገኘ እሺታም ዋጋ የለውም። የዝግጅቱ የመጀመሪያ ተግባር ሁለቱም እሺም እምቢም ለማለት የሚችሉበትን ጊዜና ቦታ መስጠት መሆን አለበት። ቤተሰቡ ወደ ትምህርቱ የሚጋበዘውም ይህንኑ ነጻነት አብሮ እንዲጠብቅ ነው።

ሁለተኛው ችግር ድግሱ ነው። ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2016 በጻፉት ‘የፍቅር ሐሴት’ በተባለው ሐዋርያዊ ምክር፣ የሠርግ ወጪና ሽር ጉድ ሙሽሮችን እያደከመ ለታላቁ ቃል ኪዳን ልባቸውን ሳያዘጋጁ እንደሚያደርሳቸው አመልክተው ነበር። በአካባቢያችን ጉዳቱ ከድካም ያልፋል። በባህላዊ ሥርዓት ተጋብተው፣ ልጅ ወልደው፣ የድግስ ገንዘብ እስኪሞላ ብቻ ምሥጢረ ተክሊልን ለዓመታት የሚያዘገዩ ጥንዶች አሉ። ለእነዚህ የአንድ ዓመት ትምህርት በድግሱ ላይ የተጨመረ ሌላ ደጅ መጥናት ሊሆንባቸው ይችላል። ሰነዱ ዝርዝሩን ለየአገሩ ቤተ ክርስቲያን የተወ በመሆኑ፣ ያለ ድግስ በእሑድ ቅዳሴ ላይ ተክሊል መፈጸም ክብር እንጂ ነውር አለመሆኑን ማስተማር የየቁምስናው ፈንታ ነው።

በኢትዮጵያና በኤርትራ ደግሞ የግዕዝን ሥርዓት የሚከተሉ ካቶሊካውያን ከሌላው የተለየ ሀብት አላቸው። በላቲን ሥርዓት ዲያቆንም ጋብቻን ሊያስፈጽም ሲችል፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ሕግ የካህንን ቡራኬ ግድ ይላል። በራሳቸው ላይ አክሊል የሚደፋላቸው ሙሽሮች የአክሊሉን ትርጉም አስቀድመው ቢማሩ፣ ሥርዓቱ ራሱ መማሪያ መጽሐፍ ይሆናቸዋል። ለፎቶግራፍ ብቻ የተደፋ አክሊል ግን ምሽት ላይ ከራስ ሲወርድ ከልብም ይወርዳል።

እንግዲህ የ2022ቱ ሰነድ ሊደነቅ የሚገባው ትዳርን እንደ ጥሪ ቆጥሮ ጊዜ ስለሰጠው ነው። ጊዜው በማን ጋር እንደሚያልፍ መወሰን ግን የእኛ ድርሻ ነው። ሽማግሌው ሽምግልናውን፣ ሚዜው ሚዜነቱን ከመልሱ ግብዣ በኋላም እንዲቀጥል ቁምስናው ቢያሳስብና ቢያስተምር፣ ከሩቅ የመጣው ምክር የራሳችን ይሆናል። ያለዚያ የትምህርቱ ርዝመት በምስክር ወረቀት ላይ ተጽፎ ይቀራል።