የጆሮ ሳቅ፦ የብሪታንያ የሬዲዮ ኮሜዲ ትናንትና ዛሬ

ኮሜዲ ባረጀ ቁጥር የሚከበር፣ በታደሰ ቁጥር የሚጠረጠር የኪነ ጥበብ ዘርፍ ነው። ስለ ብሪታንያ የሬዲዮ ኮሜዲ የሚሰነዘረው ፍርድ ይህንኑ ያረጋግጣል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን እስከ 1960ዎቹ ማብቂያ የተሠራጩት ሥራዎች «ክላሲክ» ይባላሉ፤ የዛሬዎቹ ግን የእነዚያ የደበዘዘ ጥላ ተደርገው ይታያሉ። ለመሆኑ ይህ ፍርድ ሚዛኑን የጠበቀ ነውን? ወይስ ትዝታ የሐያሲ ካባ ደርቦ የሚሰጠው ብያኔ ነው? ጥያቄው ለእንግሊዛውያን ብቻ የሚተው አይደለም። ለሬዲዮ የሚጽፍ፣ በሬዲዮ የሚተውንና በሬዲዮ የሚያስተምር ሁሉ፣ በዓይን የማይታይ ሳቅ እንዴት እንደሚፈጠርና በማን ላይ እንደሚሳቅ መመርመር ይገባዋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከክላሲኮቹ በዕድሜ ቀዳሚ ከሆኑት አንዱ «ኢትማ» በሚል ምሕጻረ ቃል የሚታወቀው ዝግጅት ነው። ቴድ ካቫና የደረሰውና ቶሚ ሃንድሊ የመራው ይህ ዝግጅት በ1939 ተጀምሮ፣ በጥር 1949 ሃንድሊ እስከሞተበት ጊዜ ዘልቋል። ቅርፁ ቀላል ነው፤ በር ይከፈታል፣ አንድ ገጸ ባሕርይ ይገባል፣ የተለመደችውን መለያ ንግግሩን ይናገራል፣ ይወጣል። ሻለቃም ሆነ ጽዳት ሠራተኛ፣ አድማጩ ማንነታቸውን በአንዲት ቃል ይለያል። ኮሎኔል ቺንስትራፕ የተባለው ሰካራም መኮንን የሰማውን ሁሉ የመጠጥ ግብዣ አድርጎ ይተረጉማል። ወይዘሮ ሞፕ የተባለችው ጽዳት ሠራተኛ ባልዲዋን እያንኳኳች ከከንቲባው ቢሮ ዘው ትላለች። ፉንፍ የተባለው የጀርመን ሰላይ ድምፅ የተፈጠረው ተዋናዩ ወደ ብርጭቆ እየተናገረ ነው። ቦምብ በሚዘንብበት ሌሊት የሚያስፈራው ጠላት በአንድ ብርጭቆ መሣቂያ ሆነ።

ይሁንና የ«ኢትማ» ቀልድ አብዛኛው ከየሳምንቱ ወሬ፣ ከራሽንና ከመሥሪያ ቤት ወረቀት ብዛት የተቀዳ በመሆኑ፣ የዛሬ አድማጭ ማብራሪያ ካልተሰጠው በቀር የሚስቅበት ጥቂት ነው። ስለዚህ የዛሬውን ኮሜዲ «የዕለት ወሬ ያሳድዳል» ብለው የሚነቅፉ ሰዎች፣ ክላሲክ የሚሉት ራሱ በዕለት ወሬ እንደቆመ ሊያስተውሉ ይገባል።

የሬዲዮን ባሕርይ እስከ ጫፉ የወሰደው ከ1951 እስከ 1960 የተሠራጨው «ዘ ጉን ሾው» ነው። ስፓይክ ሚሊጋን፣ ፒተር ሴለርስና ሃሪ ሲኮምብ የተጫወቱበትን ይህን ዝግጅት በአብዛኛው የጻፈው ሚሊጋን በጦርነቱ የመድፈኛ ክፍል ተራ ወታደር ሆኖ ያገለገለና በኢጣሊያ ግንባር የቆሰለ ሰው ነበር። በድርሰቱ ውስጥ የሚገኘው ሻለቃ ብላድኖክ ፈሪም ሌባም ነው። ከጦር ሜዳ ከተመለሰ ተራ ወታደር አንደበት የመኮንንነት ክብር እንዲህ ተገፈፈ። በቅርፅ ረገድም ሥራው አዲስ ነበር። መድረክ ሊሸከመው፣ ካሜራ ሊያሳየው የማይችለውን ነገር ድምፅ ብቻውን ያስገኘዋል። በ1958 የተቋቋመው የቢ.ቢ.ሲ. የድምፅ ፈጠራ ክፍል የሻለቃውን ሆድ ጩኸት ሳይቀር በመሣሪያ ቀምሯል። የዚህ ሁሉ ዋጋ ግን ቀላል አልነበረም። በአንድ ተከታታይ ሃያ አምስትና ከዚያም በላይ ክፍሎችን መጻፍ ሚሊጋንን በ1952 መገባደጃ ለአእምሮ ሕመም ዳርጎታል።

ከ1954 እስከ 1959 የተሠራጨው «ሃንኮክስ ሃፍ አወር» ደግሞ የተለየ መንገድ ያዘ። ደራሲዎቹ ሬይ ጋልተንና አለን ሲምፕሰን በ1948 በሳንባ ነቀርሳ ሆስፒታል ተኝተው ሳለ የተዋወቁ ወጣቶች ነበሩ። በጊዜው የተለመደውን የዘፈን ጣልቃ አስወግደው ሳቁን በገጸ ባሕርይ ላይ አቆሙት። ሃንኮክ በምሥራቅ ቺም የሚኖር፣ ከኑሮው በላይ የሚያስብ፣ ያነበበው ሳይበቃው የሚፈላሰፍ፣ የንዑስ ከበርቴው ምኞትና ቁጭት የተዋሐደበት ሰው ነው። በ1958 በተላለፈው አንድ ክፍል፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሰዎች ቤት ተቀምጠው የሚሠሩት ያጣሉ። ታሪኩ ይኸው ነው። ደራሲዎቹ ግን ዝምታን እንደ ቃል ተጠቀሙበት፤ አድማጩ የሚስቀው በማዛጋቱና በረጅሙ ጸጥታ ነው።

በክላሲኮቹ ላይ የሳንሱር እጅ እንደነበረም መዘንጋት የለበትም። በ1940ዎቹ መጨረሻ ቢ.ቢ.ሲ. ለደራስያን ያወጣው መመሪያ ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ ጫጉላ ሙሽሮች፣ ስለ ሴቶች የውስጥ ልብስና ይህን ስለመሰለው ሁሉ መቀለድን ይከለክል ነበር። የተከለከለ ቃል ደግሞ መንገድ ይፈልጋል። ከ1965 እስከ 1968 በተሠራጨው «ራውንድ ዘ ሆርን» ዝግጅት ጁልያንና ሳንዲ የተባሉ ሁለት ገጸ ባሕርያት «ፖላሪ» የሚባለውን ምስጢራዊ ቋንቋ ይናገራሉ። ይህ ቋንቋ በቲያትር ሰዎችና በመርከበኞች፣ እንዲሁም ሕጉ በ1967 እስኪሻሻል ድረስ እንደ ወንጀለኛ ይከሰሱ በነበሩ ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ወንዶች ዘንድ የሚነገር ነበር። በቅኔ ሰምና ወርቅ ላደገ አንባቢ ስልቱ እንግዳ አይሆንበትም። ሰሙ በእሑድ ምሳ ላይ ለተሰበሰበው ቤተሰብ ነው፤ ወርቁ ፈልቅቆ ለሚያገኘው።

ወደ ዛሬው ስንመለስ ጎልቶ የሚሰማው የጥያቄና መልስ ጨዋታ ነው። የዚህም ምንጩ ሩቅ ነው፤ «ጀስት ኤ ሚኒት» በ1967፣ «አይም ሶሪ አይ ሃቨንት ኤ ክሉ» በ1972፣ «ዘ ኒውስ ኩዊዝ» በ1977 ተጀምረዋል። ይህ ቅርፅ ከተሟላ ድራማ ያነሰ ወጪ ይጠይቃል፤ ኦርኬስትራና ረጅም የልምምድ ጊዜ አያስፈልገውም። አንደበተ ርቱዕ ሰዎች ተቀምጠው ይፈላለጣሉ። ተሰጥኦአቸው አይካድም። ነገር ግን ጨዋታው ሲያበቃ በአድማጩ ልብ የሚቀር፣ እንደ ሃንኮክ ስሙ የሚጠራ ገጸ ባሕርይ አይኖርም። የዛሬውን ኮሜዲ የሚነቅፉ ሰዎች እውነት ያላቸው በዚህ ነጥብ ላይ ነው።

ስሕተታቸው ከዚህ አልፈው ሁሉን በአንድ ሲደመድሙ ይጀምራል። ጆን ፊንሞር የደረሰው፣ ከ2008 እስከ 2014 የተሠራጨው «ካቢን ፕሬዠር» አንዲት አውሮፕላን ብቻ ያላት አነስተኛ አየር መንገድ ታሪክ ነው። ካፒቴኑ ማርቲን ኮፍያና ማዕረግ አለው፤ ደመወዝ የለውም። እንጀራውን የሚያገኘው የሰው ዕቃ በመኪና በማመላለስ ነው። ሃንኮክ ያላገኘውን ክብር ሲመኝ ይኖራል፤ ማርቲን ክብሩን አግኝቶ ይራባል። የሥራ ስም ከሥራ ዋጋ በተለየበት በዚህ ዘመን ከዚህ የላቀ የኅብረተሰብ ትችት በሬዲዮ ኮሜዲ ማግኘት ያዳግታል። ፊንሞር በ2021፣ በወረርሽኙ ምክንያት የስቱዲዮ ታዳሚ በሌለበት ጊዜ፣ «ሱቬኒር ፕሮግራም» በተባለው ዝግጅቱ የአንድ ቤተሰብን የበርካታ ትውልድ ታሪክ ከመጨረሻ ወደ መጀመሪያ እየተረከ አቅርቧል። ይህም ለጆሮ ብቻ የተጻፈ፣ ከክላሲኮቹ ጎን ሊቆም የሚችል ሥራ ነው።

በይዘት ረገድ ዛሬ ትናንትን የሚበልጥበትም አለ። በ«ጉን ሾው» ውስጥ ሴቶችን የሚጫወቱት በአብዛኛው ወንዶች ናቸው፤ ሕንዳውያን በሴለርስና በሚሊጋን የተኮላተፈ አነጋገር ይቀርባሉ፤ ጥቁሩ ሙዚቀኛ ሬይ ኤሊንግተን በቆዳው ቀለም ይቀለድበታል፣ የአፍሪካ ነገድ አለቃ ሆኖም ይጫወታል። በጦር መኮንን ላይ የተሳለው ያ ብዕር ቅኝ ለተገዛው ሕዝብ ሲደርስ ይዶለዱማል። ለአፍሪካዊ አድማጭ ይህ በዘመኑ ልማድ ብቻ የሚታለፍ ጉድለት አይደለም። በአንጻሩ የ«ካቢን ፕሬዠር» አየር መንገድ ባለቤት ሴት ናት፤ የምታስቀውም በሹል አንደበቷ እንጂ በሴትነቷ አይደለም።

ሌላም ሊታሰብ የሚገባው ነገር አለ። ቢ.ቢ.ሲ. በዚያ ዘመን ብዙ ቅጂዎችን ሳያስቀምጥ ቀርቷል ወይም ደምስሷል። ከተረፉትም ውስጥ ተደጋግመው የሚሰሙት ምርጦቹ ናቸው፤ በ2002 የተከፈተው ቢ.ቢ.ሲ. 7 የተባለው ጣቢያ ለአዲሱ ትውልድ ያደረሰውም ከእነዚሁ ነው። ከክላሲኮቹ ጋር በአንድ ሳምንት የተሠራጩትን ደካማ ዝግጅቶች ማንም አያስታውስም። እንግዲህ ንጽጽሩ በወንፊት ያለፈን ዱቄት ገና ካልተነፋ ጋር ማመዛዘን ነው።

ስለዚህ ሚዛኑ ዕድሜ ሊሆን አይችልም። የሬዲዮ ኮሜዲ በሁለት ጥያቄዎች ይመዘን፤ ሳቁ ያለ ጆሮ ሊገኝ ይችላልን? የሚሳቅበትስ ማን ነው? በመጀመሪያው ጥያቄ ሚሊጋን፣ ጋልተንና ሲምፕሰን፣ እንዲሁም ፊንሞር እኩል ያልፋሉ፤ ብዙው የወሬ ጨዋታ ይወድቃል። በሁለተኛው ጥያቄ ክላሲኮቹ ግማሽ መንገድ ተጉዘው ይቆማሉ። የዛሬው ድክመት የተሰጥኦ እጥረት ሳይሆን፣ ለደራሲ የሚሰጠው ጊዜና ገንዘብ መመናመን ነው። የሬዲዮ ጣቢያ ኃላፊ፣ መምህርም ሆነ ደራሲ ከዚህ የሚወስደው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ማይክሮፎን ፊት የተቀመጡ ሁለት ቀልደኞች ሰዓት ይሞላሉ፣ ለጆሮ ታስቦ የተጻፈ አንድ ሰው ግን ሬዲዮው ከተዘጋ በኋላም ከአድማጩ ጋር ይኖራል።